«ጣሉት» ለተባለው ባለ ሙዚቃ ስልክ የተሰጠ ምላሽ

በጎጃም ከተሞችም ሆነ ገጠሮች የመጀመሪያዎቹ ባለ ሙዚቃ ሞባይሎች ዛሬም በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ አሉ። እነዚህን ስልኮች የሚመለከት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከስማርት ስልክ በፊት የነበሩ ሞባይሎች የጥሪ ዜማ ከማሰማት በቀር ሙዚቃ አያጫውቱም ነበር፤ ሚሞሪ አላነብ ያለ ስልክ ያረጀ ስልክ ነው፤ አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት መሞላት፣ ከዚያ በኋላም ስልኩ ራሱ እስኪጠፋ መሥራት አለበት፤ ኤርፎን ሁሉ አንድ ነው፤ ድምፁ ለበገናና ለመሰንቆ አይሆንም፤ የተጓተተ ስልክ ፍላሽ ይደረግ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደገና ይጫን፤ ካልሆነም ይጣል።

ከዚህ ውስጥ እውነት ያለበት ነገር አለ፤ በቦታው እንናገረዋለን። አብዛኛው ምክር ግን ጤነኛ ስልክ ያስጥላል፤ ከዚያም የከፋ፣ በስልኩ የተቀረጸ ድጋሚ የማይገኝ ድምፅ ያጠፋል። ስለዚህ አንድ በአንድ መመለስ አስፈልጓል።

ታሪኩን በአጭሩ እናስተካክል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2000 «አፕሮር» የተባለውን ኤምፒ3 የሚያጫውት ስልክ አውጥቷል። በዚያው ሰሞን የሲመንስ ኤስኤል45 ተነቃይ ሚሞሪ ይዞ መጣ፤ አብሮት የሚሸጠው ካርድ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት ግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ማለት ነው። ኖኪያ በ2001 5510ን፣ በ2003 ደግሞ 3300ን አወጣ። በ2005 የሶኒ ኤሪክሰን ደብሊው800 የዎክማንን ስም ተሸክሞ ከ512 ሜጋባይት ካርድ ጋር ገበያ ገባ። በዚያው ዓመት የወጣው የሞቶሮላ ሮከር ኢ1 ካርዱ ላይ ቦታ ቢተርፍም ከ100 ዘፈን በላይ እንዳይቀበል በሶፍትዌር ታስሮ ነበር። ከኖኪያ ኤክስፕረስ ሚዩዚክ ወገን 5300 በ2006፣ 5310 በ2007 ታወቁ፤ 5130 በ2008 መጨረሻ ተከተለ። የመጀመሪያው አይፎን የወጣው በ2007 ነው።

ዓመቶቹ የሚጠቅሙት ለክርክር ብቻ መስሎ እንዳይታይ። የያዛችሁት ስልክ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ካወቃችሁ የትኛውን ካርድ፣ የትኛውን ኤርፎንና የትኛውን ቻርጀር እንደሚቀበል ታውቃላችሁ። ጸሐፊው «እርጅና» ያለው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የማይገጥም ዕቃ አብሮ የመግዛት ውጤት ነው።

«ሚሞሪ ካላነበበ አርጅቷል» የሚለውን እንውሰድ። ትናንሾቹ ሚሞሪዎች በመልክ አንድ ይምሰሉ እንጂ ሦስት ወገን ናቸው፤ እስከ 2 ጊጋ ያሉት ኤስዲ፣ ከ4 እስከ 32 ጊጋ ያሉት ኤስዲኤችሲ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኤስዲኤክስሲ ይባላሉ። የሚለያዩት በመጠን ብቻ አይደለም፤ ስልኩ በካርዱ ላይ ያለውን ቦታ የሚጠራበት መንገድ ራሱ ይለያያል። እንደ 5300 ያለ እስከ 2 ጊጋ ብቻ እንዲያነብ የተሠራ ስልክ 8 ጊጋ ሲገባለት ካርድ እንዳልገባ ይቆጥረዋል፣ ወይም ፎርማት ይደረግ ይላል። ፎርማት ማድረግ እዚህ አይረዳም፤ ካርዱ በምንም ዓይነት ፎርማት ቢሆን ያው ኤስዲኤችሲ ነው። ስልኩን «ሚሞሪ ማንበቢያው ተቃጥሏል» ብሎ ከማስፈታት በፊት 1 ወይም 2 ጊጋ ካርድ ተውሶ መሞከር ደቂቃ አይፈጅም።

2 ጊጋ ያንሳል ለሚል ሒሳቡ ይኸው። በ128 ኪሎቢት የተጫነ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የእኛ ዘፈንና መዝሙር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ስለሚሄድ 2 ጊጋ ከ300 እስከ 400 ይይዛል።

ነገር ግን ያን ያህል ለማስያዝ አጫጫኑ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ብዙ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች እንኳ ይስቱታል። 2 ጊጋና ከዚያ በታች የሆነ ካርድ በአብዛኛው ፋት16 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ነው። በዚህ አደረጃጀት የካርዱ የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም ካርዱ ሲከፈት ወዲያው የሚታየው ቦታ፣ 512 መዝገብ ብቻ አለው። አጭር ስም አንድ መዝገብ ይይዛል፤ ረጅም ስም ግን በየ13 ፊደሉ አንድ መዝገብ እየጨመረ ይወስዳል። የዘፋኙም የዘፈኑም ስም ተደርቦ 30 ፊደል ያህል ሲሆን አንዱ ዘፈን 4 መዝገብ ይበላል። ስለዚህ ዘፈኑ ሁሉ ያለ ፎልደር ሲበተን 128 አካባቢ ላይ ኮምፒውተሩ «ካርዱ ሞልቷል» ይላል፤ ግማሹ ቦታ ግን ባዶ ነው። ሰውም «ሐሰተኛ ካርድ ሸጡልኝ» ብሎ ይጣላል። መድኃኒቱ አንድ ፎልደር ከፍቶ ሁሉንም እዚያ ውስጥ መጫን ነው፤ ፎልደር ውስጥ ይህ ገደብ የለም።

ሐሰተኛ ካርድ ደግሞ በእርግጥ አለ፤ ጸሐፊው ስለዚህ ያስጠነቀቀው ትክክል ነው። ላዩ ላይ 8 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ 1 ወይም 2 ጊጋ የሆነ ካርድ ኮምፒውተር ላይ 8 ብሎ ይታያል። መጀመሪያ የተጫኑት ዘፈኖች በደንብ ይሠራሉ፤ ከእውነተኛው መጠን በኋላ የተጫኑት ስማቸው ይታያል እንጂ አይጫወቱም፣ ወይም መሐል ላይ ወደ ሌላ ዘፈን ይዘላሉ። ጸሐፊው ያልነገረን መፈተኛውን ነው። ካርዱን እስከ አፉ ሙሉት፤ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን አሥር ዘፈኖች ከካርዱ ላይ አጫውቷቸው። ነቅሎ መመለሱ አይዘለል፤ ካልተነቀለ ኮምፒውተሩ በራሱ ማኅደረ ትውስታ የያዘውን መልሶ ሊያሰማችሁ ይችላል። ሻጩ ፊት ለመፈተን ጊዜ ከሌለ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብሎ መስማማት ነው።

ሌላው ከዘፈን ጫኝ ኮምፒውተር የሚመጣው ቫይረስ ነው። ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ከታዩ ዘፈኑ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ስልኩ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይጫወታል፤ የስልኩን ሶፍትዌር የሚጎዳ አይደለም። ካርዱን ፎርማት ከማድረግ በፊት ኮምፒውተሩ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጉ፤ የፎልደሩን «የተደበቀ» ምልክት አንሱ፤ ዘፈኑን ገልብጡ፤ ከዚያ ፎርማት ይደረግ።

ስሙ በአማርኛ የተጻፈ ዘፈን በአራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ የሚታየው ስልኩ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። በላቲን ፊደል አጠር አድርጎ፣ ከፊቱ 01፣ 02 እያሉ መሰየም ይበቃል።

አሁን ወደ ባትሪው። የጽሑፉ አደገኛ ክፍል ይህ ነው። «ስምንት ሰዓት ሙላ፣ እስኪጠፋ ተጠቀም» የሚለው ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተሰጠ የድሮ ምክር ነው። እኛ የምናወራባቸው ስልኮች ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው ያላቸው። ሊቲየምን የሚጎዳው ግማሽ ላይ መሞላቱ አይደለም፤ ተሟጥጦ መቀመጡ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ 3 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ስልኩ ራሱን ያጠፋል። የጠፋው ስልክ መብራት በሌለበት ቀበሌ እስከ ገበያ ቀን ሲቀመጥ ባትሪው በራሱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ይሄዳል። ከ2.5 ቮልት ገደማ ሲያልፍ በባትሪው ውስጥ ያለችው መከላከያ ሰርኪዩት መስመሩን ትቆርጣለች። ከዚያ ወዲያ የስልኩ ቻርጀር ባትሪ እንዳለ አያውቅም። ጸሐፊውን የሰማ ሰው በየሳምንቱ ይህን ሲያደርግ ከርሞ ባትሪው ሲሞት ጥፋቱን በስልኩ ላይ ይጭነዋል።

ከተማ ወርዶ ለሚያስሞላ ሰው የሚሻለው ይህ ነው፦ በባትሪው ምልክት ላይ አንድ መስመር ሲቀር ስልኩን ማጥፋት፤ ለብዙ ቀን የማይሠራበት ከሆነ ባትሪውን አውጥቶ ለብቻ ማስቀመጥ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ባትሪ ግማሽ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ሙሉም ባዶም አይሁን።

ባትሪን ለብቻው አውጥቶ በሁለት ጥፍር ይዞ የሚሞላው ርካሽ ቻርጀር በየገበያው አለ፤ ሰርኪዩቷ የቆረጠችውን ባትሪ የሚቀሰቅሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጥፋቱ ማቆሚያው የማይታመን መሆኑ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ አልሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አይደር። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው ከቻርጀሩ ሲያወጣው ይለካው፤ ከ4.25 በላይ የሚያሳይ ከሆነ ያ ቻርጀር ባትሪ እያሳበጠ ነው። ያበጠ ባትሪ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ባትሪውን በለሰለሰ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ሳይሆን በሆዱ አስተኝታችሁ በጣት አሽከርክሩት፤ ጤነኛው ይንሸራተታል እንጂ አይዞርም፤ ያበጠው እንደ እንዝርት ይሾራል። የሚሾረውን ባትሪ አትሙሉት፣ በመርፌ አትውጉት፣ እሳትም ውስጥ አትጣሉት።

የባትሪውን ስም በትክክል ያዙ። 5130 የሚወስደው ቢኤል-5ሲ ነው፤ እውነተኛው 1020 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። 5310 ቢኤል-4ሲቲ፣ 860 ነው። 5300 ቢኤል-5ቢ ነው። በቢኤል-5ሲ መጠን ላይ 2800 ወይም 3800 የተጻፈበት ባትሪ ሲታይ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን እወቁ፤ በዚያ ስፋትና ውፍረት ውስጥ ያን ያህል አይገባም። እውነተኛ ማለት ግን ፍጹም ማለት አይደለም። ኖኪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ማትሱሺታ ያመረታቸው 46 ሚሊዮን ቢኤል-5ሲ ባትሪዎች ሲሞሉ ከልክ በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ በነፃ ለመቀየር ተገዶ ነበር። ስለዚህ የማንም ምርት ይሁን፣ እየተሞላ ያለ ስልክ ትራስ ሥር ወይም ጭድ ላይ አይቀመጥም።

«የሶላር ቻርጅ ስልክ ያቃጥላል» የተባለውም ግማሽ እውነት ነው። የሚያቃጥለው ፓነሉን በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ምንም ሳይጫንበት 20 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ የኖኪያ ስልክ የሚፈልገው 5 ነው። የዩኤስቢ መውጫ ባለው የሶላር መብራት በኩል ከሄደ ግን 5 ቮልት ተስተካክሎ ይደርሰዋል፤ ከዩኤስቢ ወደ ቀጭኗ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ጫፍ የሚያሸጋግር ገመድ ብቻ ያስፈልጋል። አሮጌዎቹ ኖኪያዎች ወፍራሙን ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጫፍ ነው የሚወስዱት፤ 5310ና 5130 ቀጭኗን። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ያለችው ማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኛ ናት፤ እሷ ላይ የዘመኑን ቻርጀር ሰክቶ «አልሞላም አለ» ብሎ ወደ ጥገና መሮጥ አያስፈልግም። በ350 ሚሊ አምፔር ቻርጀር አንድ ባዶ ቢኤል-5ሲ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል።

ባትሪ ሙዚቃ በማድመጥ ያልቃል የሚለው ላይም አንድ ነገር እንጨምር። ኤርፎን ሰክቶ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ሙዚቃ መስማት ለባትሪው ቀላል ነው። ባትሪ የሚበላው ስፒከሩና የደከመ ኔትወርክ ናቸው። የጂኤስኤም ስልክ በ900 ሜጋኸርትዝ እስከ 2 ዋት ድረስ ኃይል አውጥቶ ሊያሰራጭ ይችላል፤ ጣቢያው ሲርቅ ወደዚያው ከፍታ ይወጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ወይም ጮቄ ላይ በጎች የሚጠብቅ ሰው ስልኩ ሲግናል ፍለጋ ሲባዝን ባትሪው በግማሽ ቀን ያልቅበታል። በእነዚያ ሰዓቶች «ፍላይት» የሚለውን ፕሮፋይል ማብራት ነው፤ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ሙዚቃው ይቀጥላል። ጮቄ ላይ ንጋት ላይ ባትሪ ድንገት ወርዶ ከታየ ደግሞ ብርዱ ነው፤ ብብት ውስጥ ሲሞቅ ብዙው ይመለሳል።

«ኤርፎን ሁሉ አንድ ነው፤ ድምፁ ከቀጠነ ስልኩ ሞቷል።» ይህን ሰምተው የተጣሉ ጤነኛ 5310ዎችና 5130ዎች ብዙ ናቸው። አሁን በየሱቁ የሚሸጠውን ባለ ማይክ ኤርፎን በእነዚህ ስልኮች ሰኩት፤ ከበሮው፣ ኦርጉ፣ ማስተጋባቱ ይሰማል፤ ዘፋኙ ግን የለም፣ ወይም ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጣራል። ስልኩ ምንም አልሆነም። ባለ ማይክ ኤርፎን ጫፍ ላይ አራት የብረት ክፍል አለ፤ ከጫፉ ጀምሮ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ሁለት። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መሬት (የድምፁ መመለሻ መስመር) እና ማይክ ናቸው። በድሮው የኖኪያ አሠራር ማይኩ ሦስተኛ፣ መሬቱ ከሥር ነበር፤ አሁን በተለመደው ተገላብጧል። ሲገለበጥ የግራና የቀኝ ድምፅ መመለሻ መስመር ያጣሉ፤ እርስ በርስ እየተቀናነሱ ልዩነታቸው ብቻ ይቀራል። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀረጽ ከተቀናነሰ በኋላ ዜሮ ይሆናል። በአንድ በኩል ብቻ የተቀረጹ መሣሪያዎች ይተርፋሉ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዘፈኑ እየተጫወተ የኤርፎኑን የማይክ ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ዘፋኙ ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ከተመለሰና ሲለቀቅ ከጠፋ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ማይክ የሌለው ኤርፎን መግዛት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለበት ቁጠሩ፣ ሁለት ከሆነ ይስማማል፣ ሦስት ከሆነ አጠራጣሪ ነው። 5300 ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ቀዳዳው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያለ አሸጋጋሪ የተለመደው ኤርፎን አይገባም።

ኤርፎን ሳይሰካ ስክሪኑ ላይ የኤርፎን ምልክት ቆሞ ስፒከሩ ዝም ሲል ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ያሉት የብረት ምላሶች ተጣብቀው ነው። በመኸር ወቅት፣ በአውድማ ላይ የዋለ ስልክ የጤፍ እብቅ በዚያ ቀዳዳ ይገባዋል፤ ላብ ሲጨመርበት ዝገት ይሆናል። ባትሪውን አውጡ፤ ስንጥር ላይ በጣም ቀጭን ጥጥ ጠቅልላችሁ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል አርጥቡ፤ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ጥረጉ፤ እስኪደርቅ ጠብቁና ኤርፎኑን አሥር ጊዜ ያህል ሰክታችሁ ንቀሉ። አረቄ አይሆንም፤ ውኃው ብዙ ነው።

ኤርፎኑ የሬዲዮው አንቴናም ነው። ኤፍ ኤም 100 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ለመቀበል 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ገመድ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ስልኩ «ኤርፎን ሰካ» የሚለው። የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ትናንት ጥርት ብሎ ይሰማ ከነበረና ዛሬ ከተቆራረጠ ከሬዲዮው በፊት የኤርፎኑን ገመድ ጠርጥሩ።

ስፒከሩ የሚያንቋቋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ስፒከር ማግኔት ስላለው የብረት ብናኝም ይሰበስባል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ በአፍ አይነፋ፣ ምራቅ ይገባል። መልቲሜትር ከተገኘ የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ለኩ፤ ወደ 8 ኦም ካሳየ ሽቦው አልተቆረጠም።

«ለበገናና ለመሰንቆ አይሆንም» የሚለው ክስ ቁም ነገር አለው፤ ስለዚህ ቆም ብለን እንየው። በገና 10 አውታር አለው፤ የሚንሾካሾከውን የነዝር ድምፁን የሚሰጠው በየአውታሩ ሥር የሚገባው እንዝራ፣ ትንሹ የቆዳ ቁራጭ ነው። አውታሩ ራሱ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ነዝሩ ግን ብዙ ሺህ ኸርትዝ ድረስ የሚወጣ ነው። የስልኩ ስፒከር ዝቅተኛውን አያወጣም፤ የመጠኑ ነገር ነውና ማንም አያስተካክለውም። በኤርፎን ግን ሁለቱም ይሰማሉ፣ ፋይሉ ካልተበላሸ። ጥፋቱ ያለው አጫጫኑ ላይ ነው፤ ካርዱ ብዙ እንዲይዝ ሲባል በ48 ወይም በ64 ኪሎቢት ስቴሪዮ ተደርጎ ይጫናል። ኤምፒ3 ቦታ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጥለው ያንን ከፍተኛውን ክፍል ነው፤ እንዝራው ይሞታል፣ በገናው የላላ ክር ይመስላል። የድሮ የካሴት ቅጂ ከሆነ ሁለቱ ጆሮ የሚሰሙት አንድ ስለሆነ ሞኖ ተደርጎ በ96 ኪሎቢት ይጫን። ከ128 ስቴሪዮ ያነሰ ቦታ ይወስዳል፤ ነዝሩም ይተርፋል። አንድ ጊዜ በ64 የተጨመቀውን ወደ 128 ማስቀየር ግን ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ ከካሴቱ ወይም ከዋናው እንደገና መገልበጥ ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቀን የያዝንበት ሌላ ምክንያት አለ። ጎጃም የቅኔና የዜማ ትምህርት አገር ነው፤ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው ይበቃል። የአብነት ተማሪ በመምህሩ ፈቃድ ዜማ ወይም ቅኔ የሚቀዳው፣ የገጠር ሰው የአዝማሪና የለቅሶ ግጥም የሚይዘው በእነዚህ ስልኮች መቅጃ ነው። መቅጃው አብዛኛውን ጊዜ ኤኤምአር በሚባል ፎርማት ያስቀምጣል። በ12.2 ኪሎቢት አንድ ሰዓት 5.5 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ የሚገባው። ክፍያው ከ3400 ኸርትዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ አለመያዙ ነው። ለሰው ድምፅ፣ ለትርጓሜ፣ ለቅኔ ይበቃል፤ ለበገና አይበቃም። ስልኩን ከመምህሩ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ፣ ማይኩን ወደ እርሳቸው አዙራችሁ ምንጣፍ ወይም ጋቢ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የእጅ መነካካቱ ሁሉ ይገባል። ከመቅዳት በፊት ፍላይት ፕሮፋይሉን አብሩ፤ ጥሪ ከመጣ ቀረጻው ይቆረጣል። ሌላ ስልክም አጠገቡ አይሁን፤ የጂኤስኤም ስልክ ከጣቢያው ጋር ሲነጋገር በሰከንድ 217 ጊዜ ስለሚያሰራጭ ያ የምታውቁት «ድርርር» መቅጃ ውስጥም ይገባል፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ውስጥም ይገባል።

እንግዲህ «የተጓተተ ስልክ ፍላሽ አድርጉት» የሚለው ምክር ጉዳቱ የት እንዳለ ከዚህ ይታያል። በአንዳንድ ስልኮች የተቀዳው ድምፅ የሚቀመጠው ሚሞሪው ላይ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ነው። ፍላሽ ሲደረግ ወይም *#7370# ተብሎ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ሲመለስ ያ ሁሉ ይጠፋል። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኝቶ «ምንም የለበትም» ማለትም አያስተማምን፤ በብዙ ኖኪያዎች በዚያ መንገድ የሚታየው ሚሞሪው ብቻ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ጋለሪ ውስጥ ገብቶ የቅጂዎቹን ፎልደር መክፈት፤ አንድ በአንድ ወይም ሁሉንም መርጦ ወደ ሚሞሪ መገልበጥ፤ ሚሞሪውን አውጥቶ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ መጫወቱን ማዳመጥ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስልኩን ለጥገና መስጠት። ኤኤምአር ፋይል ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ይከፈታል። ወደ ኤምፒ3 ስትቀይሩ ዋናውን አትደምስሱ።

ደግሞስ ስልኩ የሚጓተተው ከሶፍትዌር ይልቅ ከካርዱ አይደለም ወይ? ሚሞሪውን አውጥታችሁ አብሩት። ያለ ካርዱ ከፈጠነ ጥፋቱ የተበላሸ ካርድ ወይም በየዘፈኑ ውስጥ የተጣበቀ ትልቅ የሽፋን ሥዕል ነው።

«2ጂ ስለሆነ ኔትወርክ አይሠራም» የሚለው ልክ አይደለም፤ በአገራችን 2ጂ እየሠራ ነው፣ መደወልም መልእክት መላክም ይቻላል።

ጸሐፊው የተሳካለት ቦታ አለ። አንዳንዱን ስልክ ገንዘብ አውጥቶ መግዛት አይገባም። የደብሊው800 መሐል ላይ ያለችው ጆይስቲክ አቧራ ይገባትና ወደ አንድ በኩል አልሄድም ትላለች፤ ተከታዩ ደብሊው810 በጠፍጣፋ ቁልፍ የተተካው አለምክንያት አይደለም፤ ከሁለቱ ሲገኝ 810ን ምረጡ። ተንሸራታች ስልኮች፣ 5300ም ጨምሮ፣ ላዩንና ታቹን የሚያገናኘው ፍሌክስ የሚባል ቀጭን ተጣጣፊ ገመድ በመታጠፍ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ሲከፈት ስክሪኑ ነጭ የሚሆን፣ ሲዘጋ የሚመለስ ስልክ ፍሌክሱ አልቋል፣ መለዋወጫው በእጃችሁ ከሌለ አትግዙት። ኤም2 የሚባለውን ትንሽ የሶኒ ካርድ የሚወስዱት፣ ደብሊው880ና ደብሊው580 የመሰሉት፣ ካርዳቸው ከገበያ ጠፍቷል፤ የተለመደው ሚሞሪ ቦታውን አይተካም። ለሜሞሪ ስቲክ ፕሮ ዱኦ ግን፣ ማለትም ለደብሊው800ና ለደብሊው810፣ ተራውን ትንሽ ሚሞሪ አስገብቶ የሚያሠራ ማቀፊያ አለ። የኤም2 ስልክ ያለው ሰው በላዩ ላይ ያለውን ቅጂ ስልኩ ገና እየበራ ሳለ በብሉቱዝ ያውጣው፤ 5 ሜጋባይት የሆነ አንድ ዘፈን ከግማሽ ደቂቃ እስከ 2 ደቂቃ ይወስዳል፤ በኤኤምአር የተቀዳው ደግሞ የአንድ ሰዓቱ ሙሉ በዚያው ጊዜ ይሄዳል።